ስለ ቅዳሜው ደቦ ለክቡር ኤይለርት ሚርቫንግ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ኤይለርት ሚርቫንግ፣
የማሻገሪያ ጀልባዎች ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ የቀድሞው የስኮርቪክ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ የቀድሞው የወተት ማቀነባበሪያ ሊቀ መንበር፣ የዓመቱ ምርጥ መሪ ተሸላሚ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት በአውራጃችን ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ፣ የሥራ ጃኬት ለብሰው በአዲሱ ጀልባ ጫፍ ላይ ቆመው ሩቅ ሲመለከቱ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ አይቼ፣ ፊትዎ ወዝ እንዳለው፣ ወገብዎም እንዳልጎበጠ በማረጋገጤ እጅግ ተደስቻለሁ። አምና በበረዶ ሸርተቴ ጉልበትዎን ተጎድተው እንደነበር አንብቤ አዝኜ ነበርና፣ አሁን ያለ ከዘራ መቆምዎ ለእኛ ለወዳጆችዎ ትልቅ እፎይታ ነው። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ ከሁልነስ በላይ ተራራው ላይ ላሠሩት የዕረፍት ቤትዎ ሳይቀር ደኅንነትን እመኛለሁ። እኛም እዚህ ስኮርቪክ ደኅና ነን፤ የቀረነውን ማለቴ ነው።

እንደሚያውቁት በአገራችን ሰው ሁሉ የሚጠራው በስሙ ነው፤ ከንጉሡ በቀር አንቱ የሚባል የለም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በአንቱታ ስጽፍልዎ የመንደሬ ሰዎች እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ነገር ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ “አንተ” እያልኩ ስጠራዎ ብኖርም አንድ ቀን እንኳ ቀርቤዎት ስለማላውቅ፣ በመካከላችን ያለውን ርቀት በልኩ የሚያሳይልኝ ይህ አጠራር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

እኔ ሃልቫርድ ብራትላንድ ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ሲሆን፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ስጠግን ሠላሳ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። እኔን ባያስታውሱኝ ቅር አይለኝም። ባለቤቴን ቱርዲስን ግን ያስታውሷታል ብዬ አምናለሁ፤ ገና ተማሪ ሳሉ በትምህርት ቤት ዕረፍት ለሁለት ወር ሥራ ወደ ፋብሪካው በመጡ ጊዜ፣ የተበጠሰ ክር እንዴት እንደሚቋጠር ጣትዎን ይዛ ያስተማረችዎ እሷ ናትና። ሁለቱ ወር አልቆም ቋጠሮዎ ይፈታ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ቱርዲስ፣ “ይሄ ልጅ በእጁ ሠርቶ የሚያድር አይመስለኝም፤ በአፉ ይሆናል” ብላ እንዳሳቀችን ትዝ ይለኛል። እርስዎም አብረው ስቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው የሥራ ሕይወትዎ እሷ ካለችው ዝንፍ አላለም።

ቱርዲስ ዛሬ ከፊዮርዱ ማዶ፣ ከባሕሩ ወሽመጥ ባሻገር፣ ሁልነስ በሚገኘው የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት፣ ክፍል ሰባት ውስጥ ትኖራለች። ነገር መርሳት ከጀመረች አምስት ዓመት፣ እዚያ ከገባች አራት ዓመት ሆኗታል። በእኛ በኩል እንዲህ ያለ ቤት ስለሌለ ሌላ ምርጫ አልነበረንም። እኔም በየቀኑ በጠዋቱ የአራት ሰዓት ጀልባ ተሳፍሬ እሻገራለሁ፤ በዘጠኝ ሰዓቱ እመለሳለሁ። መንገዱ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ምሳዬን እንደ ሥራ ዘመኔ በወረቀት ጠቅልዬ እይዛለሁ፤ ቡናማ አይብ የተደረገባቸው ሦስት ቁራጭ ዳቦ፣ ሁለቱ ለእኔ፣ አንዱ ለእሷ። ዓይኔ ስለደከመ ሐኪሙ መንጃ ፈቃዴን አስመልሶኛል። በየብስ ተራራውን ዞሮ ለመሄድ ሁለት አውቶቡስና አራት ሰዓት ተኩል ይጠይቃል፤ ያውም በረዶ መንገዱን ካልዘጋው ነው፤ በረዶው ደግሞ የዓመቱን እኩሌታ ይዘጋዋል። ነገሩን ሳላድበሰብስ ለመናገር፣ ጀልባው ከቆመ ቱርዲስን አላያትም። ይህ ደብዳቤ ከዚህ ሌላ ጉዳይ የለውም።

ባለፈው ማክሰኞ የእርስዎ ደብዳቤ ባማረ ወረቀት ታትሞ በየቤታችን ደረሰን። “ውድ የስኮርቪክ ወዳጆቼ፣ የፊታችን ቅዳሜ የጀልባ መሳፈሪያ ቤታችንን በደቦ እናሳምረው። ቀለም ከእኔ፣ ብሩሽ ከእናንተ። ዋፍል እኔ ራሴ እጋግራለሁ። ኤይለርት” ይላል። ደብዳቤውን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ነው የጨረስኩት። እንዲህ ያለ መልካም ጥሪ አንብቦ ወንበር የሚፈልገው ምን ዓይነት ሰው ነው ብለው እንዳይገረሙ፣ ምክንያቱን ከምስጋናዬ ጋር አቀላቅዬ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስላከበሩን አመሰግናለሁ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ በርገን ተምረው፣ ኦስሎ ሠርተው፣ የፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ ሆነው የተመለሱ ዕለት በምሳ አዳራሹ ሰብስበውን፣ የእኛ አለቃ ሳይሆኑ ከእኛ አንዱ መሆንዎን ነገሩን። የቢሮዎን በር ከማጠፊያው አስነቀሉት፤ በሩን የነቀልኩት እኔ ስለሆንኩ በደንብ አስታውሳለሁ። ምሳዎን እንደ እኛ በወረቀት ጠቅልለው እያመጡ ከእኛ ጋር በአንድ ጠረጴዛ በሉ። አለቃ ቢሆኑብን ኖሮ እንጠነቀቅ ነበር፤ የሠራተኛ ማኅበራችንም ሰነድ አምጡ ይል ነበር። አብሮት ዳቦ የሚበላውን ሰው ግን ማን ሰነድ ይጠይቃል? ይህን ጥበብ በየትኛው ክፍል እንዳስተማሩዎ ባላውቅም ለመምህራንዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ መጀመሪያው ደቦ አመሰግናለሁ። ደቦ በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ፣ የኳስ ሜዳው፣ የጸሎት ቤቱ አጥር፣ ሁሉም በደቦ የተሠራ ነው። የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ የሚቀርም ሰው የለም። የክር ክፍል ሹም የነበረው ጎረቤቴ ኦድጌር የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት በኩላሊት ጠጠር ሆስፒታል ተኝቶ ከአንድ ደቦ ቀርቶ ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ባገኘ ቁጥር የጠጠሩን መጠን በጣቱ እየለካ ያስረዳል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከውጭ አገር ትልልቅ እንግዶች ስለሚመጡ ፋብሪካችንን በደቦ እናጽዳ ብለው ጠሩን። ስልሳ ሦስት ሠራተኞች ነበርን፤ ስልሳ ሦስታችንም መጣን፤ ጡረታ የወጡት እንኳ መጥረጊያ ይዘው መጡ። እያንዳንዱ ማሽን እንዲወለወል፣ ዘይት እንዲጠጣ፣ ዕቃዎቹ እንዲመዘገቡ፣ ቁጥርም እንዲንጠለጠልበት አዘዙን፤ ይቅርታ፣ አላዘዙንም፣ ጠየቁን። የቁጥር ካርዶቹን የጻፈችው ቱርዲስ ናት፤ በመንደራችን የእሷን ያህል የሚያምር የእጅ ጽሑፍ አልነበረም። ከአንድ እስከ አርባ አንድ ጽፋ፣ እርስዎ ሊማሩት ባልቻሉት ቋጠሮ በየማሽኑ ላይ አሰረችው። እኔ ደግሞ ማሽኖቹን ከወለሉ ጋር የያዟቸውን ብሎኖች ዝገት እንዳይበላቸው ስላሉኝ አንድ በአንድ እያላላሁ ቅባት ቀባኋቸው። እርስዎም የሥራ ቱታ ለብሰው፣ እጅጌዎን ሰብስበው በብረት መጋገሪያው ላይ ጣፋጩን ቂጣ፣ ዋፍሉን፣ ሲጋግሩ ዋሉ። ዋፍሉ በጣም ጥሩ ነበር፤ ይህን የምለው ለሽሙጥ አይደለም።

እንግዶቹ በሦስተኛው ሳምንት ከባድ መኪና ይዘው መጡ። ማሽኖቻችን ርካሽ ሠራተኛ ወዳለበት አገር መሸጣቸውን የሰማነው መኪኖቹ ግቢ ውስጥ ከቆሙ በኋላ ነው። አርባ አንዱን ማሽን ነቅሎ ለመጫን አንድ ሳምንት መድበው ነበር፤ በአንድ ቀን ተኩል ጨረሱ። ምን ቀራቸውና? ቁጥሩ ተጽፏል፣ ዝርዝሩ ተሰናድቷል፣ ብሎኑ ላልቷል። ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ደግ ሰው ነበር፣ እጄን ጨብጦ፣ “እንዲህ ተዘጋጅቶ የጠበቀን ፋብሪካ አጋጥሞን አያውቅም፤ እናመሰግናለን” አለኝ። እኔም፣ “ምንም አይደል” አልኩት።

ክቡር ሆይ፣ ያ “ምንም አይደል” እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በመንደሩ ሰው ሁሉ አታለለን እያለ ስምዎን ሲያነሣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ፤ ብሎኖቹን ያላላሁት እኔ ነኝና። ደግሞም አልዋሹንም፤ ይህን በአደባባይ ልመሰክርልዎ እወዳለሁ። እንግዳ ይመጣል አሉ፤ መጣ። ማሽኖቹ ይቆያሉ አላሉም፤ እኛም አልጠየቅንም። ደቦ ላይ ቆሞ “ለምን?” የሚል ሰው በስኮርቪክ ገና አልተወለደም።

ሦስተኛ፣ ስለ ገና ስጦታው አመሰግናለሁ። ፋብሪካው በተዘጋ በዓመቱ ለቀድሞ ሠራተኞች ሁሉ የስኮርቪክ ምልክት የተለጠፈበት አንዳንድ ብርድ ልብስ ላኩልን፤ በእጅዎ የተጻፈ የመልካም ምኞት ካርድም ነበረበት። ቱርዲስ ካርዱን ወዲያ አድርጋ የብርድ ልብሱን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰችው። እሷ ሃያ ዓመት የሠራችበት አሥራ አራት ቁጥር የጠርዝ መስፊያ ማሽን አንድ ዐመል ነበረው፤ በየተወሰነው ርቀት አንድ ስፌት ይዘላል። ስንት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፣ ዐመሉን ግን አልተወም። ቱርዲስ ጣቷን እያሄደች ሄደች ሄደችና ቆመች። “አሥራ አራት ናት” አለች፤ “አለች፣ በሕይወት አለች።” ከዚያ ብርድ ልብሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ብርድ ልብሱ አሁን ክፍል ሰባት አልጋዋ ላይ ነው። በጣም ይሞቃል።

አራተኛ፣ ስለ ሽልማትዎ እንኳን ደስ ያለዎ። የፋብሪካችን መዘጋት ያለ ኩርፊያና ያለ ሰልፍ የተከናወነ፣ ለሌሎች አርአያ የሚሆን የለውጥ ሥራ ተብሎ በኦስሎ መድረክ ላይ ሲጨበጨብልዎ በቴሌቪዥን አይተናል። እውነት ነው፣ ሰልፍ አልወጣንም፤ ፋብሪካውን መጥረግ ላይ ነበርን። ከዚያ ወደ ወተት ማቀነባበሪያው ተዛወሩ። የዚያ መንደር ሰዎችም በእርስዎ ጥሪ ግድግዳውን በደቦ ነጭ ቀለም ቀቡት፤ በጥቅምት ቀቡት፣ በጥር ተዘጋ። ሕንጻው ግን ዛሬም ነጭ ነው፤ ከጀልባው ላይ ሆኜ በየቀኑ አየዋለሁ። በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ መሪ ተባሉ፤ ዘንድሮ ደግሞ ጀልባዎቹን ተረከቡ። ሰው ከፍ ከፍ እያለ ሲወጣ ከታች ሆኖ መሰላሉን የሚይዝለት ያስፈልገዋል። እኛ መሰላሉን መያዝ ብቻ ሳይሆን ቀለም ቀብተን እንደያዝንልዎ ይመዝገብልን።

አምስተኛ፣ ሐሳባችንን ስለጠየቁን አመሰግናለሁ። ድርጅትዎ በመስከረም ወር የስኮርቪክና የሁልነስ መስመር የወደፊት አማራጮች የሚል ባለ ዘጠና ስድስት ገጽ ጥናት አውጥቶ፣ ለስድስት ሳምንት የሕዝብ አስተያየት ተቀብሏል። መንደሩ በሙሉ ጻፈ። እኔም ስለ አራት ሰዓቱ ጀልባና ስለ ክፍል ሰባት ሁለት ገጽ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣልኝ፤ አስተያየቴ መድረሱን፣ መመስገኔንና ጽሑፌ ከሰነዱ ጋር መያያዙን የሚገልጽ ነበር። ያው መልስ ቃል በቃል ለኦድጌርም ደርሶታል፤ ኦድጌር ግን የጻፈው ስለ መስመሩ ሳይሆን ጀልባው ላይ የሚሸጠው ሾርባ ቀዝቃዛ ስለ መሆኑ ነበር። የጥናቱ ገጽ ሰማንያ አንድ የእኛን መስመር ዝቅተኛ ተጠቃሚ ያለው ይለዋል። በብርዱ ወራት በአራት ሰዓቱ ጀልባ ላይ ከሠራተኞቹ ሌላ ብዙ ጊዜ የምገኘው እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ያ ዝቅተኛ ተጠቃሚ እኔ መሆኔን ተረዳሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ በእንዲህ ያለ ትልቅ ሰነድ ላይ መጠቀሴም አኩርቶኛል። ገጽ ሰማንያ ስምንት ላይ ደግሞ መሳፈሪያ ቤቱ በዕረፍት ቤት ፈላጊዎች ዘንድ ጥሩ ገበያ እንዳለው ተጽፏል። ሕንጻው ቀለም እንደሚያስፈልገውም ተጠቅሷል።

ስድስተኛ ብዬ የምጽፈው ነበረኝ፤ ቁጥር አልገባለት ስላለኝ እንዲሁ ልንገርዎ።

ጥሪዎ በደረሰን ማግስት በወጣቶች ማኅበር ቤት ተሰበሰብን፤ ከወጣቶቹ ሁሉ የሚያንሰው ዘንድሮ ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ኦድጌር ተነሣ። በሕይወቱ ሙሉ ሰው ፊት ተነሥቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። “ስሙኝማ” አለ፤ “ይሄ ሰውዬ ዋፍል ሲጋግር ምን እንደሚከተል እናውቃለን። የሚያስቀባን ሊሸጠው ነው። ቤቱ ከተሸጠ ጀልባው የት ይቆማል? ሃልቫርድስ እንዴት ሆኖ ነው ሚስቱን የሚያያት? በቃ፣ በዚህኛው አንሄድም። አንድም ሰው አይሄድም።” ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አንዳንዱ ጠረጴዛ መታ። እኔ ስሜ በሰው ፊት ሲነሣ አፍሬ ወለሉን አየሁ፤ ግን ልዋሽዎ አልችልም፣ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀለል አለኝ።

ከዚያ እንደ ልማዳችን ዓይናችንን አሸሸን። ሰው ጫማውን ያያል፣ ጣሪያውን ያያል፤ ጣሪያውን ያደስነው በደቦ ነው። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት፣ ሽቅብ ሳታይ፣ “እሺ፣ አንሄድም” አለች፤ “ግን የእሱ የዋፍል ብረት አንድ ብቻ ነው፣ ለዚህ ሁሉ ሰው አይበቃም። ሁለተኛውን ማን ያመጣል?”

ኦድጌር ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ፣ “እኔ ጋ አለ” አለ።

ስለዚህ እንመጣለን፤ ስጋት አይግባዎ። እርስዎም እንደማይሰጉ አውቃለሁ፤ ብሩሽ ከእናንተ ብለው ሲጽፉ የእያንዳንዳችን ብሩሽ የት እንደተሰቀለ ሳያውቁ አልቀሩም።

ሐሙስ ዕለት ደብዳቤዎን ለቱርዲስ ይዤላት ሄድኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሌላ የማነብለት ሰው ስለሌለኝ ይሆናል። ከፋሲካ ወዲህ ስሜን ጠርታው አታውቅም። ጨዋ ናት፤ ስገባ ደግ ሰው መሆኔንና በየቀኑ መምጣቴን ታመሰግናለች፤ ዳቦዋን ትበላለች፤ ከዚያ የብርድ ልብሱን ጠርዝ በጣቷ እያሄደች የተዘለለውን ስፌት ትፈልጋለች። አጠገቧ ተቀምጬ አነበብኩላት። መጨረሻው ላይ ያለው ስም ላይ ስደርስ ጣቷ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ነበር።

“ቅዳሜ?” አለች። “ታዲያ ምን ተቀምጠህ ታየኛለህ? ጓንቴን አምጣልኝ እንጂ። ኤይለርት ጠርቶን እንዴት እንቀራለን? ያ ልጅ እኮ አንድ ቋጠሮ እንኳ በቅጡ አይችልም።”

ነርሷ አስትሪ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷን ወደ ኮሪደሩ አዞረች። እኔ ልደሰት ወይስ ላልቅስ ግራ ገባኝ። ከፋሲካ ጀምሮ ዳቦ ተሸክሜ ባሕር የምሻገረው አንድ ቀን ስሜን ስትጠራ እሰማለሁ ብዬ ነበር፤ የሰማሁት የእርስዎን ነው። ክቡር ሆይ፣ ቀናሁብዎ። ፋብሪካውን ሲሸጡ ተናደድኩ እንጂ አልቀናሁም፤ ሽልማትዎንም አልተመኘሁም። ያን ዕለት ግን ቀናሁብዎ፤ ጀልባው ላይ ሆኜ ነጩን የወተት ማቀነባበሪያ ሳልፍ እንባዬ እየወረደ ነበር። ሐኪሙ የቱርዲስ ሕመም ከፋብሪካው መዘጋት ጋር አይገናኝም ብሎኛል። እኔ መካኒክ ነኝ፤ ከሐኪም ጋር አልከራከርም።

ጀልባውን አያቁሙብን ብዬ አልለምንዎትም። እንደሚቆም አውቃለሁ፤ ቀለም ከመጣ ነገሩ አልቋል። የምለምነው ትንሽ ነው። የመጨረሻው ጀልባ የሚሄድበትን ቀን አስቀድመው ይንገሩኝ፤ ያ የመጨረሻ ጉዞም ከስኮርቪክ ወደ ሁልነስ የሚወስድ ይሁን፤ የሚመልስ አይሁን። የመንከባከቢያ ቤቱ ጤነኛ ባል እንደማይቀበል ነግረውኛል፤ አልጋ የሚሰጠው ለታመመ ብቻ ነው አሉኝ። ግድ የለም። ወዲያ ማዶ ካለሁ ከመስኮቷ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ። ከዚህ ማዶ ሆኜ ግን የትኛው መብራት የእሷ እንደሆነ እንኳ አልለይም።

ለምን ብሩሼን ይዤ እንደምመጣ ራሴን ጠይቄያለሁ። ምናልባት ሰዎቹ ሲሠሩ ቤቴ ተቀምጬ በመስኮት ማየት ስለማልችል ይሆናል። ምናልባት ቱርዲስ ብትጠይቀኝ ቀረሁ ብዬ የምነግራት አንደበት ስለሌለኝ ይሆናል። እርስዎ መልሱን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል፤ የሥራ ሕይወትዎ በሙሉ የተሠራው ከዚህ እውቀት ነው። ብሩሼን ትናንት አጥቤ ለማድረቅ ሰቅዬዋለሁ።

ከዚህ በላይ ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ የደከመ ዓይኔን ወደ ምድር ዝቅ አድርጌ፣ ላለፈው ደቦም ለሚመጣውም ደቦ ያለኝን የማይነጥፍ አክብሮት በመግለጽ እሰናበትዎታለሁ።

የሁልጊዜ ታዛዥዎ፣
የአርባ አንድ ማሽኖችን ብሎን ያላላው፣ የመስመሩ ዝቅተኛ ተጠቃሚ፣
ሃልቫርድ ብራትላንድ
ስኮርቪክ

ግልባጭ፦
ለአውራጃው ጋዜጣ አዘጋጅ፣
ለኦድጌር፣ የዋፍሉን ብረት እንዳይረሳ፣
ለሁልነስ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት፣ ክፍል ሰባት፣ ለወጉ ያህል።

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ የዕረፍት ቤትዎ ከሁልነስ በላይ ስለሆነ ወደ ክፍል ሰባት ለመሄድ ጀልባ አያስፈልግዎትም፤ በመኪና አሥር ደቂቃ ቢወስድብዎ ነው። ጀልባው ከቆመ በኋላ አልፎ አልፎ በእኔ ፈንታ ገብተው ቢጠይቋት ትልቅ ውለታ ነው፤ ስምዎን ታውቀዋለች። ዋፍል ይውሰዱላት፤ ማርማላታ አያብዙበት። ጓንቷን አስትሪ ዘንድ አስቀምጬላታለሁ፤ አሁንም ቅዳሜን እየጠበቀች ስለሆነ፣ ሲገቡ ደቦው አልቆ እንደሆነ መጠየቋ አይቀርም። እኔ ልነግራት አልቻልኩም። እርስዎ ግን ዋሽተው ስለማያውቁ፣ እርስዎ ይንገሯት።